ግራጫዋ ፒካፕና የበረዶው ዳገት

የሄድኩ ዕለት አመሻሹ ላይ ሻንጣዎቼን ላዳው ፖርቶመጋላ ላይ ያሰረልኝ አባዬ ነበር። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የላዳ ታክሲ ነጂ ነው፤ ስታዲየም ጋ ተራ እየያዘ ነው ያሳደገኝ። ገመዱን ያስራል፣ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። እማዬ ካዛንቺስ ካለው ቤታችን በር ላይ ቆማ «ሻንጣው እኮ አያመልጥም» ትለዋለች፤ እየሳቀች ነው ስል የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አየሁት። ባለቤቴ ታዲዮስ የአራት ዓመት ልጃችንን ሶልያናን ታቅፎ ከኋላ ተቀመጠ፣ እኔ ጋቢና ገባሁ፣ ወደ ቦሌ ተነሳን።

መንገዱን ሙሉ አባዬ ስለ መሄዴ አንድም ነገር አልተነፈሰም። ስለ ትራፊክ መብራቱ፣ ስለ ተቆፈረው መንገድ፣ ቀድሞት ስለ ገባው ሚኒባስ ብቻ ነው ያወራው። ኤርፖርት በር ላይ ሳመኝና «ቀበቶሽን እሰሪ» አለኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ ማለቱ ይሁን እዚያ አገር፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

ያረፍኩት ካናዳ ነው። ግን ካናዳ ስላችሁ ያ ፎቅና መብራት እንዳይመጣባችሁ። እኔ የገባሁት ሳስካቸዋን የሚባል፣ ዓይን እስኪደክመው ድረስ ሜዳ የሆነ የስንዴ አገር ነው። ከተማዋን ከተማ ይሏታል እንጂ፣ በቃ ምን ልበላችሁ፣ ለገሃር ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ብቻ ቢሰፍርባት ትጨናነቃለች። ካዛንቺስ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ፤ እዚህ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። ቤቱ ከከተማው ርቆ ወንዝ ዳር፣ ዳገት ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ሜዳ መሃል ያለችው አንዲት ዳገት እኔ ሥራ መንገድ ላይ መገተሯ ዕድሌ ነው። ሥራዬን አጥብቄ ከያዝኩ ታዲዮስንና ሶልያናን ማምጣት እችላለሁ። ሥራው ከሄደ ግን ሁሉም ነገር ከሀ ይጀመራል።

የተከራየሁት ዋልተር የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ቤት ነው፣ ቤዝመንቱን፤ ማለቴ ከምድር በታች ያለውን ክፍል። ሚስታቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቤቱን ሊያሳዩኝ ሲያወርዱኝ «ክፍሉ ይሞቃል?» አልኳቸው።

«ይሞቃል» አሉ።

«ምን ያህል?»

«እንደ ሹራብሽ ነው።»

ዋልተር ብለሽ ጥሪኝ ቢሉኝም አፌ እምቢ አለ። ጋሽ ዋልተር አልኳቸው። ጋሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ለታላቅ ሰው የሚሰጥ ክብር ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ከዚያ ወዲያ ፖስታ የሚያመጣውን ሰው ሳይቀር ጋሽ በለኝ ይሉት ጀመር።

በረዶው መጣ። እኛ በረዶ የምንለው እኮ ቆርቆሮ ላይ ተንጣጥቶ፣ ሰውን በረንዳ ሥር አሰልፎ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚረሳውን ነው። የዚህ አገሩ ድምፅ የለውም። ማታ ተኝታችሁ ጠዋት ስትነሱ አጥር የለም፣ መንገድ የለም፣ የጎረቤት መኪና የለም። ሽሮዬን ፍሪጅ ውስጥ የማስቀምጠው እንዳይበላሽ ሳይሆን በረዶ እንዳይሆን ነበር፤ ፍሪጁ ከውጪው ይሞቃላ።

መጀመሪያ ሰሞን ሥራ የምታደርሰኝ ማሪሴል የምትባል ፊሊፒናዊት ባልደረባዬ ነበረች። ገና ክረምቱ ሳይጋመስ ባሏ ትልቅ ከተማ ሥራ አገኘና ልትሄድ ነው። አውቶቡስ የለ፣ ታክሲ የለ። አለቃችን፣ ሊንዳ ትባላለች፣ ጠርታኝ በትህትና፣ በፈገግታ፣ መኪና ካላገኘሽ ፈረቃሽን ለሌላ መስጠት ግድ ይለኛል አለችኝ። እዚህ አገር ክፉ ነገር የሚነገረው በፈገግታ ነው፤ ቁጣ የለመደ ሰው ቶሎ አይገባውም።

መንጃ ፈቃዱን አዲስ አበባ አውጥቼ ስለነበር እንደገና ተፈተንኩ። ፈታኙ አጠገቤ ተቀምጦ ጥቂት ከሄድን በኋላ ክላክስ የማደርገው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ።

«መጣሁ ለማለት» አልኩት።

«ለማን?»

ግራ ቀኝ አየሁ። መንገዱ ላይ አንድ ውሻ እንኳ የለም። «ለማንኛውም» አልኩት። ጽፎ ጽፎ ሲያበቃ ግን አሳለፈኝ።

ከዚያ ጋሽ ዋልተር መኪና መሸጫ ይዘውኝ ሄዱ። ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ፒካፕ ነው፤ የገበሬ አገር ስለሆነ ሌላ መኪና ብርቅ ነው። ለኔ የሚሆኑት ሁለት ነበሩ፣ ዋጋቸውም እኩል። አንዷ ቀይ፣ አዲስ የምትመስል፣ ወንበሯ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ፤ ግን ሞተሩ የሚያሽከረክረው የኋላ ሁለት ጎማዎቿን ብቻ ነው፣ ቱ ዊል የሚሉት። ሌላዋ ግራጫ፣ ዕድሜ የጠገበች፣ በሯ ጠርዝ ላይ ዝገት የበላት፤ ግን ፎር ዊል ናት፣ አራቱም ጎማ ይሠራል። ሻጩ እኔ በጠየቅኩት ቁጥር የሚመልሰው ለጋሽ ዋልተር ነው። እሳቸው ታገሱት ታገሱትና «እኔ ጆሮዬ አይሰማም፤ ለሷ ንገራት» አሉት። ጆሯቸው እንደ ሚዳቋ ጆሮ ነው።

እስከ ማግስቱ ላስብበት ብዬ ወጣሁና ቤት ደወልኩ። ኧረ አለመደወል ይሻል ነበር። ስልኩ ስፒከር ላይ ነው፣ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ሁሉም በረዶ ያውቃል። ታዲዮስ የሁለቱንም ፎቶ ሲያይ ቀይዋን አለ፤ ወንበር የሚሞቅልሽ ሆኖ ሳለ ዝገት ምን አስመረጠሽ ነው የሚለው። እማዬ «በሁለት ጎማ ብቻ የምትሄድ» ስል ሰምታ ደነገጠች፤ ሞተር ሳይክል መስሏታል፣ በዚያ ብርድ ሞተር ሳይክል እንዳልነዳ ለመነችኝ። አባዬ ሁሉንም ዝም አሰኝቶ ስልኩን ወሰደ።

«ስሚኝ» አለኝ፤ «መኪና ማለት አራቱም እግሯ ሲሠራ ነው። አንካሳ አትግዢ።»

ላዳዋ ራሷ የምትሄደው በሁለት ጎማ መሆኑን ባስታውሰው፣ ላዳ የበረዶ አገር ልጅ ናት፣ እሷን ከሌላው አታወዳድሪያት አለኝና ተዘጋ።

ጋሽ ዋልተር ደግሞ የአባዬ ተቃራኒ ናቸው። ራሳቸው ጎልማሳ ሆነው የገዙት ቱ ዊል ፒካፕ አላቸው፤ ክረምት ሲገባ ጭነት መጫኛው ላይ የአሸዋ ከረጢት ይደረድራሉ፣ ክብደቱ የኋላ ጎማውን መሬት ያስይዘዋል፣ ጥሩ የበረዶ ጎማ ይገጥማሉ፣ አለቀ። እራት ላይ አባዬ ያለውን ስነግራቸው ሹካቸውን አስቀመጡ።

«አባትሽ ልክ ነው፤ ፎር ዊል ያስነሳሻል» አሉ። «አያቆምሽም ግን። ፍሬን ስትይዢ ሁሉም መኪና እኩል ነው።»

ያን ሌሊት ሁለት አባት ያለኝ መሰለኝ፤ አንዱ እንድነሳ፣ አንዱ እንድቆም የሚፈልግ። በማግስቱ ማሪሴልን ከዳገቷ ሥር አቁሚልኝ አልኳትና ወርጄ አየሁ። ያቺ መንገድ የገጠር መንገድ ስለሆነች በረዶ ጠራጊው መኪና የሚደርስባት ዋናውን ሃይዌይ ጨርሶ ነው። ዳቦ የሚያመጣው ቫን ወገቧ ላይ ተይዞ ጎማው በባዶ ይሽከረከራል፤ ሾፌሩ ወርዶ በአካፋ ይቆፍራል። እዚያው ወሰንኩ። መቆሙን እማራለሁ፤ መውጣቱን ግን መኪናዋ ካላወጣችኝ በጉልበቴ አልወጣውም። ግራጫዋን ገዛሁ። ጋሽ ዋልተር ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ቁልፉን አቀበሉኝ።

አባዬ በስልክ አስተማሪዬ ሆነ። መሪው አጠገብ ያለችውን ማዞሪያ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት፤ አራቱን ጎማ የምታስገቢው መንገዱ ሲያንሸራትት ብቻ ነው፣ ደረቅ አስፋልት ላይ አስገብተሽ ብትጠመዝዢ ካምቢዮሽን ትበያለሽ አለኝ። እውነቱን ነው፣ መጽሐፉም ያንኑ ይላል። እኔም ልቤ አበጠ። ዳገቷን ወጣኋት፣ ደግሜ ወጣኋት፣ በመስኮት እያየሁ ቆሞ ለቀረው ሁሉ አዘንኩለት።

ልቤ እንዳበጠ አንድ ፀሐያማ ቀን፣ መንገዱ ጥርት ብሎ ጥቁር አስፋልት የሚታይበት ቀን፣ መስቀለኛው መንገድ ላይ ልቆም ፍሬን ያዝኩ። አስፋልቱ ላይ ግን እንደ መስታወት አሳልፎ የሚያሳይ ስስ በረዶ ተለብጦ ነበር። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች እንጂ አልቆመችም። መስቀለኛውን በቀስታ፣ በክብር፣ እንደ ሙሽራ መኪና አቋርጣ ማዶ ካለው ቦይ ገብታ ዘንበል አለች። እንደዚያ ቀስ ብሎ የደረሰ አደጋ አይቼ አላውቅም፤ ለመጮህ እንኳ በቂ ጊዜ ነበረኝ፣ አፈርኩና ተውኩት። ካዛንቺስ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ሰፈር ይገፋል፣ ግማሹ ይመክራል። እዚህ ንፋስ ብቻ ነው። ለጋሽ ዋልተር ደወልኩ።

በዚያች አሮጌ ቱ ዊል መጡ፣ አሸዋቸውን ጭነው፣ ጎማቸው ላይ ሰንሰለት ጠምጥመው። ከአንዱ ከረጢት አሸዋ በተኑልኝ፣ ገመድ አሰሩ፣ በሁለት ጎማ የአራት ጎማ መኪናዬን ጎትተው አወጡኝ። ዝምታው ከቦዩ ባሰብኝ።

«ጋሽ ዋልተር፣ የሆነ ነገር ይበሉኝ» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው ያለቀ ጎማዬን በጓንታቸው ዳሰሱት። «ጎማ» አሉ፤ በቃ። ከዚያው በቀጥታ ጎሚስታ ቤት ወሰዱኝና ዊንተር ታየር የሚሉትን፣ ብርድ ላይ የማይደድረውን የበረዶ ጎማ አስገጠምኩ። በትርፍ ሰዓት ደግሞ የታጨደ ባዶ እርሻቸው ላይ እያወጡ ፍሬን አያያዝ አስተማሩኝ፤ መንሸራተት እስክለምድ፣ ከዚያም እስክስቅ ድረስ።

የመረጥኩትን የፈተነው ቀን የመጣው ጥርን ጨርሰን ነው። ሌሊቱን ሙሉ በረዶና ንፋስ ነበር። ጠዋት ሊንዳ ደወለች፤ የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ከነዚያ ሁሉ አረጋውያን ጋር ብቻዋን ናት፣ ጠዋት የሚዋጥ መድኃኒት አለ፣ ቁርስ አለ፣ ልብስ መቀየር አለ፣ እሷ ራሷ ግን ዳገቱ ሥር ተይዛለች። ድምጿ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታ አልነበረም። አራቱንም ጎማ አስገባሁ፣ ጋሽ ዋልተር እንዳሉኝ እንቁላል እግሬ ሥር እንዳለ አድርጌ ነዳጅ እየረገጥኩ ሄድኩ።

ዳገቷ ሥር የሊንዳ ትንሽ መኪና፣ የወጥ ቤቷ ሠራተኛ መኪናና የዳቦው ቫን ተደርድረው ቆመዋል። ሰዎቹ በብርድ ተጨማደዋል። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ ሳላስበው በአማርኛ «ግቡ፣ ግቡ፣ ተጠጋጉ!» አልኳቸው። ምን እንዳልኩ አልገባቸውም፤ ግን ገቡ። ሊንዳ ጋቢና፣ ሌሎቹ ተጣብቀው፣ ዳቦው ጭነት ላይ። ግራጫዋ ወገቧ ላይ ስትደርስ አንዴ ጎማዋ ተንሸራተተ፤ ከነዳጁ ላይ እግሬን አላላሁላት፣ መሬቱን መልሳ ያዘች፣ ወጣን። ከዚያ ተመልሼ ወርጄ ኋላ የደረሱትን ሠራተኞች አመጣሁ። ነርሷ በሩ ላይ አቅፋኝ አለቀሰች። እንጀራ ምን እንደሆነ የማያውቁ አረጋውያን ቁርሳቸውን በሉ፤ ከእነሱ መካከል አንዲት ባልቴት ስንት ታስከፍያለሽ ብለው ጠየቁኝ።

ለአባዬ ስነግረው ረጅም ሳቅ ሳቀ። ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ታክሲ ጀመረች ብሎ አወራ፤ አራት ጎማ ያልኳት እኔ ነኝ ማለቱንም አልረሳም። ጋሽ ዋልተር በበኩላቸው ያወጣት ጎማው ነው ይላሉ። ሁለቱም እስከ ዛሬ አልተረቱም፣ እኔም ለማንም አልፈረድኩም።

ሊንዳ ሥራዬ ቋሚ እንዲሆን የምትችለውን ሁሉ አደረገች። ወረቀቱ ጊዜውን ወስዶ በቀጣዩ ዓመት መጋቢት ላይ ታዲዮስና ሶልያና መጡ። ከኤርፖርት በግራጫዋ ነው የወሰድኳቸው። ታዲዮስ ወንበሩን ዳሰሰና «አይሞቅም» አለ፤ ከዚያ እጄን ያዘና መንገዱን ሙሉ አለቀቀኝም። ሶልያና ረዝማለች። ሜዳውን አየችና ሰዎቹ የት ሄዱ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም መጀመሪያ ቀን የጠየቅኩት እሱኑ ነበር።

እኔ እዚህ ሳለሁ የካዛንቺሱ ቤታችን ፈርሶ እነ አባዬ ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። አባዬ ግን ጠዋት ጠዋት መኪናውን አስነስቶ ወደ ድሮው ሰፈር መሄዱን አልተወም። ባለፈው እሁድ ደውዬ ምን ትሠራለህ እዚያ ስለው፣ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል፣ የማውቀው ሰው ያልፍ እንደሆነ ቆሜ አያለሁ አለኝ። ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ መንገድ ወሬ ዞረ።

«በረዶው ሲቀልጥስ መንገዱ ምን ይሆናል?»

«ጭቃ ነው አባዬ። እስከ ጉልበት የሚደርስ ጭቃ። ገበሬው ሁሉ ተይዞ ነው የሚሰነብተው።»

«ጭቃ?» አለ፣ ድምፁ ተነቃቃ። «ጭቃ ከሆነማ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋችኋል።»

«ታዲያ ና።»

«እመጣለሁ» አለኝ። እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ማወቄንም ያውቃል። «እስክመጣ ድረስ ግን ጭቃው መሃል አትቁሚ፤ ቀስ እያልሽ ዝም ብለሽ ንጂ» አለኝና ስልኩን ለእማዬ ሰጣት።