ልብስ ሰፊው ጠሀና ያልተሰማው ስፒል

ነሐሴ ሲጋመስ የጠሀ ሱቅ መግቢያ ያጣል። የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ እስከ በሩ ይከመራል፤ ልጆቻቸውን እየጎተቱ የመጡ እናቶች ደረጃው ላይ ይሰለፋሉ። ጠሀ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ስፒል በከንፈሩ ይዞ፣ ከስፌት መኪናው ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ሲመላለስ ይውላል። ከስልጤ በልጅነቱ መጥቶ ሐዋሳ ገበያ ውስጥ መርፌ ከያዘ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። አሁን ሃምሳ አንድ ሞልቶታል። የገበያው ሰው ሱሪ ሲጠበው የሚያስታውሰው እሱን ነው።

ያን ክረምት ጥማት ያሠቃየው ነበር። ጠዋት በሁለት ቦምቦሊኖና አራት ማንኪያ ስኳር በገባበት ሻይ ይጀምራል፤ ከረፋድ በኋላ ለስላሳ ያስመጣል፣ ሲጠማው ሌላ ይደግማል። በጠጣ ቁጥር ይብስ ይጠማል። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ይነሣል። ቀን ደግሞ መኪናው ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ያዳፋዋል። ባለቤቱ ሙንተሃ «ምን ሆነሃል?» ስትለው፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ መስከረም ይግባ» ይላታል። ከቤቱ እስከ ሱቁ የሃያ ደቂቃ መንገድ ቢሆንም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በእግሩ ሄዶ አያውቅም። ባጃጅ በሩ ላይ ይጭነዋል፣ በሩ ላይ ያወርደዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለዐስር ሶላት ከሱቁ ወጥቶ መስጊድ ሄደ። ውዱእ ሊያደርግ፣ እጅና እግሩን ሊታጠብ ተቀምጦ የቀኝ እግሩን ካልሲ ሲያወልቅ ካልሲው እምቢ አለው። ሳብ ቢያደርገው ከታች በደም ርሷል። እግሩን ገልብጦ አየው። ከአውራ ጣቱ ሥር፣ ውስጥ እግሩ ላይ፣ የስፒል ራስ ብልጭ ይላል። እስከ ራሱ ሰምጧል። ጠዋት መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር በካልሲ ሲመላለስ እንደረገጠው ገባው። ከዚያ በኋላ ጫማውን አጥልቆ ቀኑን ሙሉ ቆሞበት፣ የመኪናውን ፔዳል ሲረግጥበት ውሏል። አንድም ጊዜ አልተሰማውም።

ስፒሉን ነቀለው። ያን ጊዜም አላመመውም። ዙሪያውን ቃኘት አደረገና በመሐረቡ ጠቅልሎ አሰረው፤ ሰግዶም ወደ ሥራው ተመለሰ። ለማንም አልተናገረም።

በአራተኛው ቀን ማታ ሙንተሃ ሽታ ሸተታት። «እግርህን አሳየኝ» አለችው።

«ምንም አይደለም፤ ስፒል ነው። አያመኝም እኮ!»

ሙንተሃ መብራቱን አስጠግታ አየችው። ውስጥ እግሩ አብጦ ቀልቷል፤ ቁስሉ መግል ቋጥሯል። በጣቷ ጫን አለችው። እሱ ፊቱን እንኳ አልቋጠረም። በአንድ ጊዜ ፊቷ ልውጥ አለ።

«እንዲህ ሆኖ የማያምህ ከሆነማ እኔን አመመኝ» አለችው። «ነገ ሱቅ የለም።»

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለችው ነርስ ሩሀማ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ረጋ ያለች፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች። ቁስሉን ከመንካቷ በፊት ጣቱን ወግታ ደም ወሰደች። መሣሪያው ላይ የወጣውን ቁጥር አይታ ካርዱ ላይ ጻፈች። ከዚያ የደም ግፊቱን ለካች። ከዚያ ደግሞ፣ ጠሀን ያስገረመው ይኼ ነው፣ ከኪሷ ሜትር አውጥታ ወገቡን ለካችው። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ወገብ ሲለካ የኖረ ሰው የራሱን ለክቶ አያውቅም ነበር።

«መቶ ዐሥራ ሁለት» አለች። «ስኳርዎ ሦስት መቶ አርባ ሁለት ነው። ግፊትዎ መቶ ስድሳ አምስት በመቶ። ከዚህ በፊት ስኳር አለብዎት ተብለው ያውቃሉ?»

«የለብኝም። ጣፋጭ እንኳ ብዙ አልወድም» አለ ጠሀ። ከጀርባው ሙንተሃ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ሻይና ለስላሳውን እተዋለሁ በቃ» ብሎ አስተካከለ።

«ይተዋሉ፤ ግን ነገሩ የሻዩ ብቻ አይደለም» አለች ሩሀማ። ቁስሉን እያጠበች ረጋ ብላ ነገረችው። «የበላነው ምግብ ደም ውስጥ ስኳር ይሆናል። ያ ስኳር ወደ ሰውነታችን ገብቶ ጉልበት እንዲሆን ቆሽታችን ኢንሱሊን ያመነጫል። ሆድ አካባቢ ስብ ሲጠራቀም፣ እንቅስቃሴ ሲጠፋ፣ ሰውነት ኢንሱሊኑን አልቀበልም ይላል። ቆሽት ያኔ አብዝቶ ያመነጫል። ለዓመታት እንዲህ እየታገለ ይኖራል፤ ሰውዬው ምንም አይሰማውም። በኋላ ቆሽቱ ሲደክም ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። የእርስዎም ዛሬ የጀመረ አይደለም፤ ምናልባት ዐሥር ዓመት ሆኖታል።»

«ታዲያ እግሬ ምን አገባው?»

«ደም የማይደርስበት ቦታ አለ እንዴ? ስኳሩ የደም ሥሩንም ነርቩንም ይጎዳል። እግርዎ የደነዘዘው ለዚህ ነው። ዓይንም ኩላሊትም በዚያው መንገድ ይጎዳሉ። ልብም እንደዚያው።» ቀና ብላ አየችው። «ከቤተሰብ ስኳር ያለበት ሰው አለ?»

«ታላቅ ወንድሜ ዩኑስ ነበረበት። አንዳንዴ ኪኒን ይወስድ ነበር፣ ሲሻለው ይተወዋል። እሱ ግን የሞተው በስኳር አይደለም። በልቡ ነው። ከሰው ጋር እያወራ ደረቱን ይዞ ወደቀ፤ አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።»

ሩሀማ ፋሻውን ጠቅልላ አሰረች። «አቶ ጠሀ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስኳር ያለበት ሰው የልብ ሕመም ከሌላው ሰው ይበልጥ ያሰጋዋል። እኔ እሳቸውን አላየኋቸውም፣ እንዲህ ነው ብዬ መማል አልችልም። ግን ሁለቱ ነገሮች ሳይገናኙ አይቀሩም።»

ዩኑስ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በቤተሰቡ ውስጥ ስኳሩ አንድ ነገር፣ ልቡ ሌላ ነገር ተደርጎ ነበር የሚወራው። ጠሀ የታሰረ እግሩን እያየ ከወንድሙ ሞት ይልቅ ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት አሰበ። ያ ሁሉ ጊዜ ወንድሙ ደህና መስሎ እየሳቀ፣ እያጫወተ፣ ውስጡ ግን እየተጎዳ ነበር ማለት ነው። እንደ እሱ።

ሐኪሙ የቁስል መድኃኒት፣ የስኳርና የግፊት ኪኒን አዘዘለት፤ ለደምና ለሽንት ምርመራም ላከው። የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ዐሥራ አንድ ነጥብ ሁለት አለ፤ ሐኪሙ ወደ ሰባት እንዲወርድ ይፈልጋል። ኩላሊቱ መጎዳት ጀምሯል፣ ግን ገና መጀመሪያው ላይ ነው። ሲወጡ ሩሀማ ሙንተሃን ጠርታ፣ «ልጆቹም ይመርመሩ፤ በዘር ስለሚመጣ አይዘናጉ» አለቻት።

ልጃቸው አንዲት ናት፤ ኢክራም፣ ሃያ ዓመቷ፣ የኮሌጅ ተማሪ። እናትየው ያን ዕለት ማታ ለጠሀ አንድ ነገር ነገረችው። የልጅቷ አንገት ከኋላ በኩል ከጠቆረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ኢክራም ቆሻሻ መስሏት በሎሚ ትፈትገዋለች፣ እስኪላጥ ድረስ ታሸዋለች፤ አይለቅም። ሂጃብ ስለምታደርግ ማንም አያይም። ወር አበባዋም ሁለት ሦስት ወር እየዘለለ ነው የሚመጣው። ጠሀ ይህን ሁሉ ሲሰማ እሱ በማያውቀው ቤት ውስጥ የኖረ መሰለው።

በማግስቱ ሩሀማ ኢክራምን ብቻዋን አስገብታ አየቻት። ልጅቷ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን ፈገግ ብላለች።

«ቆሻሻ አይደለም አሉኝ» አለች ለእናቷ፣ ከሁሉ ያስደሰታት እሱ ይመስል። ጠሀ ወደ ሩሀማ ዞረ።

«ስኳር በሽታ የለባትም» አለችው ነርሷ። «ግን ሰውነቷ ኢንሱሊኑን እምቢ ማለት ጀምሯል፤ አንገቷ ላይ ያለው ጥቁረት ምልክቱ ነው። ስኳሯ በባዶ ሆድ መቶ ዐሥራ ሁለት ነው፤ ከጤነኛው ከፍ ያለ፣ ከበሽታው ዝቅ ያለ። ወር አበባዋን ሐኪም ያያታል። እሷ ገና መመለሻው ላይ ናት፣ አቶ ጠሀ። ጥቂት ኪሎ ከቀነሰች፣ በየቀኑ ከተራመደች፣ በሽታው ጨርሶ ላይመጣባት ይችላል።»

ቁስሉ እስኪድን ጠሀ እንዳይቆም ተከልክሎ ስለነበር፣ የመስከረምን ሥራ ለጎረቤት ሰፊዎች አካፈለ። በሕይወቱ እንደዚህ የከበደው ነገር አልነበረም። ቁስሉ በሰባተኛው ሳምንት ገጠመ። እግሩ ላይ ያለው ስሜት ግን አልተመለሰም፤ ሩሀማ ላይመለስ እንደሚችል ሳትደብቅ ነግራዋለች። ስለዚህ በዓይኑ መጠበቅ ያዘ። በውዱእ ጊዜ ሁሉ እግሩን ገልብጦ ያያል፣ በጣቶቹ መካከል ያለውን ውሃ በፎጣ ያደርቃል። ሱቁ ውስጥ በካልሲ መሄድ ቀረ፤ ሰፋ ያለ ሽፍን ጫማ ገዛ።

ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ጠዋት ጠዋት መራመድ ጀመሩ። ከሱብሒ፣ ከንጋቱ ሶላት በኋላ ከቤት ወጥተው፣ በሐይቅ ዳር አድርገው፣ እስከ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ይደርሳሉ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ አቀርቅረው ፍርፋሪ ሲጠብቁ ይደርሳሉ። መጀመሪያ ሳምንት ጠሀ ግማሽ መንገድ ላይ ቁጭ ይል ነበር። ኢክራም «አባ፣ ተነሥ! ባጃጅ አልጠራልህም» እያለች እጁን ትጎትታለች። ዓሣ ገዝተው ይመለሳሉ፤ ሙንተሃ ዘይት ውስጥ መጥበሱን ትታ በቲማቲምና በሽንኩርት ትሠራዋለች። ጎመኑ በዛ፣ ቆጮውና እንጀራው አነሰ። ለስላሳ ከቤቱ ወጣ።

ይህ ሁሉ ግን ቀጥ ብሎ አልሄደም። ጥር ላይ የዘመድ ሠርግ ነበር። ለሙሽሪት ቤተሰብ በሙሉ ልብስ የሚሰፋው እሱ ስለነበር መራመዱም ቀረ፣ ኪኒኑም ተረሳ። «ደህና ነኝ፤ ምንም አይሰማኝም» እያለ ሁለት ሳምንት ጣፋጩንም ሳይተው አለፈ። ለምርመራ ሲሄድ ስኳሩ እንደገና ሁለት መቶ ሰማንያ ገብቷል። አፍሮ አንገቱን ደፋ።

«ቢቆጡኝ ይሻለኛል» አላት ሩሀማን።

«ለምን እቆጣለሁ? ዛሬ ጠዋት ኪኒንዎን ወስደዋል?»

«ወስጃለሁ።»

«እንግዲያው እንደገና ጀምረዋል» አለችና ቀጠሮውን ካርዱ ላይ ጽፋ ሰጠችው።

በዚያው ሰሞን ጠሀ ቡሹሎ አካባቢ ወደምትኖረው የዩኑስ ባለቤት፣ ወደ ረውዳ ሄደ። ልጆቿ እንዲመረመሩ ሊነግራት ነበር የሄደው። ስለ እግሩ፣ ስለ ኢክራም፣ ነርሷ ስለ ልብና ስለ ስኳር ስለነገረችው ሁሉ አወራት። ረውዳ እየሰማች ቆየችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች።

«ምን ሆንሽ፣ እትዬ?»

«ያን ቀን ተጣልተን ነበር» አለች። «ጠዋት። በማይረባ ነገር። ክፉ ቃል ተናግሬው ወጣ። ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ የገደልኩት እያልኩ ነው የምተኛው።»

ጠሀ ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ከወንበሩ ተነሥቶ ከአጠገቧ ተቀመጠ። «አይደለም» አላት። «ከዚያ ጠዋት በፊት ዐሥር ዓመት ሲጎዳው የኖረ ነገር ነው። እኔም ያው ነገር ውስጤ ነበር፤ ከማንም ጋር አልተጣላሁም፣ እግሬ ግን ደነዘዘ። አንቺ አይደለሽም።» ረውዳ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ሲሄድ እስከ አስፋልቱ ሸኘችው። በሳምንቱ ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ትልቁ ስኳሩ ከፍ ማለት መጀመሩ ታወቀ፣ ትንሹ ደህና ነው።

ረመዳን ሳይገባ ጠሀ መጾም መቻል አለመቻሉን ሐኪሙን ጠየቀ። ሐኪሙ ኩላሊቱን አስቦ ዘንድሮ ቢተወው እንደሚሻል ነገረው። ከበደው፤ ግን እሺ አለ፣ በምትኩ በየቀኑ አንድ ችግረኛ አበላ። ከዒድ በኋላ ያደረገው የሦስት ወሩ ምርመራ ሰባት ነጥብ አንድ ሆነ። ግፊቱ ወረደ፣ ወገቡ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ቀነሰ፤ ሱሪዎቹን በሙሉ ራሱ አጠበባቸው። የኢክራም ስኳር ወደ ዘጠና ስድስት ተመለሰ። የአንገቷ ጥቁረት ገና አልጠፋም፤ እናቷ ግን እንደሳሳ ትምላለች። ሎሚው ለዓሣው ብቻ ሆነ።

የቀረው የዓይን ምርመራ ነበር። ግንቦት ላይ ኢክራም አብራው ሄደች። ጠብታ ጨመሩበት፣ ግንባሩን መሣሪያው ላይ አስደግፎ ብርሃኑን እያየ ተቀመጠ። ልቡ እንደዚያን ቀን ፈርቶ አያውቅም፤ እግር ቢደነዝዝ በዓይን ይጠበቃል፣ ዓይን ግን ለልብስ ሰፊ እንጀራው ነው። የዓይን ሐኪሟ ቀና ብላ፣ «ጥቂት ነጠብጣብ አያለሁ። ትንሽ ናት፤ አሁን ሕክምና አያስፈልጋትም» አለችው። «ስኳርዎን እንዲህ ከያዙት እዚያው ልትቆም ትችላለች። በየዓመቱ ግን ሳይቀሩ ይምጡ።»

«እመጣለሁ» አለ ጠሀ። «መርፌ ላይ ክር ማስገባት እችላለሁ?»

ሐኪሟ ሳቀች። «ዛሬ አይችሉም። ነገ ይችላሉ።»

ከሕንፃው ሲወጡ የቀትር ፀሐይ ፊቱን መታችው። ጠብታው የዓይኑን ብሌን ከፍቶት ስለነበር ዓለም ሁሉ ነጭ ሆነበት፤ መንገዱም፣ መኪናውም፣ ሰዉም ብርሃን ውስጥ ሟሟ። እጁን ዘረጋ፤ ኢክራም ያዘችው።

«ባጃጅ ልጥራ?» አለችው።

«ቤቱ ሩቅ ነው?»

«ሩቅ አይደለም፤ ግን አታይም እኮ፣ አባ!»

«አንቺ ታያለሽ አይደል? በይ ምሪኝ።»

እሷም በጥላው በኩል አዞረችው፤ ድንጋይ ሲመጣ «ድንጋይ»፣ ደረጃ ሲመጣ «ደረጃ» እያለችው ተያይዘው ሄዱ።