አባባ ያረሙት መደብ

በሁለት ሺዎቹ አጋማሽ እስራኤል ውስጥ፣ ቤርሼቫ ከተማ ዳር ባለ የምርምር እርሻ ቅጠል ለኪ ነበርሁ። ከየበረሃው ሸለቆ ዘሩ የተለቀመ የዱር ማገጥ፣ ያ ከብት የሚሻማበት ባለሦስት ቅጠል ሣር፣ በመደብ በመደብ ተዘርቷል። አንዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሌላው መሬት ለመሬት ይሳባል፤ የአንዱ ቅጠል ሰፊ፣ የሌላው ሰሊጥ የምታክል፤ ፍሬው ጠጉራምም አለ፣ መላጣም አለ። ስለካ ስለካ ዓይኔ ከመሳሉ የተነሳ የምትዘል ቁንጫ ወንድ ትሁን ሴት እለይ ነበር።

አባቴ ጎንደር ሳሉ የታወቁ ገበሬ ነበሩ። እዚህ መጥተው ሽኩና ጊሜል ከሚባለው ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ከወጡ ወዲህ ግን ያረሱት በረንዳ ብቻ ነው።

«ማገጥ? እዚህ አሸዋ ላይ? አትቀልድ!» አሉኝ። ቀጥለው፣ ቀስ ብለው፣ «አንድ ቀን እጄን አፈር አስነካኝ።»

አንድ ዓርብ ጠዋት ወሰድኋቸው። መመዝገቢያዬን ላመጣ ቢሮ ደርሼ ስመለስ ተሳቢውን፣ ጠጉራሙን፣ ደቃቃውን ሁሉ ነቅለው ከምረውታል። የቀረው ሰፊ ቅጠሉና ቀጥ ያለው ብቻ፣ እንደ ወታደር ተሰልፎ።

«ሰነፍ! ለዘር በተተወ ማሳ ባዕድ ይተዋል?»

እውነታቸውን ነው፤ በአገራቸው የዘር ማሳ እንዲያ ነበር ከባዕድ የሚጸዳው።

አለቃዬ ዶክተሯ መጥታ አየችና መሬት ላይ ዘጭ አለች። የምታጠናው ልዩነቱን ነበራ!

«አየህ፣ ሥራ ስታይ እንዴት እንደደነገጠች» አሉ አባባ። «ምን አለች?»

«እጅዎ ይባረክ አለች።»

በዕብራይስጥ ያለችው ግን «ሁለተኛ እንዳታመጣቸው» ነው።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ጫማቸውን አጥልቀው በር ላይ ይጠብቁኛል። በዓል ነው፣ ትራክተር ተበላሽቷል፣ አንበጣ ገብቷል እላለሁ። ውሸቴ ቢጫን ታሃና መርካዚት፣ ዋናው መናኸሪያ፣ የቆመ አውቶቡስ ሁሉ አይበቃውም። አንድ ዓርብ ሰበብ አለቀብኝ።

«ከለከለችህ፣ አይደል?»

«አዎ፣ አባባ።»

ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ፈቱ። «አልነካም በላት። እጄን ኪሴ ከትቼ ልይ።»

ነገርኋት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ፣ አዲሱ ማገጥ ሲበቅል ይምጡ» አለች።

ዝናቡ ያን ዓመት ዘገየ። ማገጡ ብቅ ሲል አባባን ከቀበርን ወር አልፎን ነበር። ያን ጠዋት አንዲትም ቅጠል ሳልለካ መደቡ ዳር ተቀምጬ ዋልሁ። ሁሉንም ነቅለው ከሥራ ቢያስባርሩኝ ምን ነበረበት!