የትንሿ ልጄ ሆድና እርሾው

የስድስት ዓመቷ ልጄ ሆድ ለሦስተኛ ጊዜ እንደ ከበሮ ሲነፋ ፓርክላንድስ ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል፤ የእኔ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ አስተርጓሚዬ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችው ትልቋ ልጄ ነበረች።

«ማሚ፣ ሆዷ ውስጥ ዪስት በዝቷል ነው የሚለው። መድኃኒቱ ሲያልቅ ተመልሶ የሚመጣው በምግቧ ሳይሆን አይቀርም አለ።»

«ዪስት ደግሞ ምንድን ነው?»

«ዩ ኖው፣ ያ ማንዳዚ ሲቦካ ዱቄቱ ላይ የሚጨመረው... ሃሚራ! በአማርኛ እርሾ።»

ክው አልኩ። የልጄን ሆድ ለካ በገዛ እጄ ሳቦካው ነው የከረምኩት! ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ስለ ስኳርና ስለ ጣፋጭ ብዙ ተናገረ፣ ትልቋም ተረጎመችልኝ። የእኔ ጆሮ ግን እርሾው ላይ ቀርቶ ነበር።

ቤት እንደገባሁ የሊጡን ባልዲ አጠብኩ፤ ከጎረቤት ለምኜ ያመጣሁትን እርሾም ደፋሁ። እንጀራ ቀረ፣ ዳቦም ቀረ። ባለቤቴ ኢምባካሲ ካለው የካርጎ ሥራው ሲመለስ ወጡን በሩዝ አቀረብኩለት።

«እኔንም አሞኛል እንዴ?» አለ።

ለትንሿ እርሾ ያልነካው የቻፓቲ ቂጣ ማር ቀብቼ፣ ከማንጎ ጭማቂ ጋር አበላኋት። ባለሙያ ነኝ ብዬም ኮራሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሆዷ ተመልሶ ተነፋ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ተምታታብኝ። የቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እህት ጠላቱ ስኳር ነው አለችኝ፤ ማሩንም ጭማቂውንም ሙዙንም ከለከልኩ። ስልኬ ላይ ያየሁት ቪዲዮ ወተት ነው አለ፤ ወተቱን አስቆምኩ። ሌላው ቪዲዮ ደግሞ እርጎ ስጧት፣ ከበቆሎ ገንፎው ከኡጋሊና ከድንች ግን አርቋት ይላል። እርጎ ራሱ ወተት አይደለም ወይ? ደግሞስ የሚረጋው በእርሾ አይደለም? ማንን እንደማምን ግራ ገባኝ፤ ግራ በገባኝ ቁጥር አንድ ምግብ እከለክላለሁ። ልጅቷ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፣ በኋላ ማልቀሱንም ተወችው። እኔ ሞኟ ለመደችው ብዬ ደስ አለኝ።

ወደ ክሊኒኩ ስንመለስ ሐኪሙ ሚዛን ላይ አቆማት። ቁጥሩን አየ፣ ካርዷን አየ፣ እንደገና አቆማት። ከዚያ ስለ ምግቧ ጠየቀኝ። እንጀራ አትበላም፣ ዳቦ አትበላም፣ ወተት አትጠጣም፣ ሙዝ አትነካም እያልኩ እንደ ትምህርት የሸመደድኩትን አወረድኩት። ትልቋ ልጄ መሃል ላይ መተርጎሟን አቆመች።

«ማሚ፣ የማትበላውን አይደለም የጠየቀሽ። ምን ትበላለች ነው የሚለው።»

እንቁላል አልኩ። ጎመን አልኩ። ሌላ አልመጣልኝም። ያኔ ከትንሿ ልጄ ቀሚስ እጅጌ የወጣውን ክንድ አየሁት፤ በጣም ቀጥኖ ነበር። አፈርኩ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። እንጀራዋንም ወተቷንም መልሺላት፣ ጣፋጩን ብቻ ቀንሺ፤ አሁን እኔን የሚያሳስበኝ የሆዷ መነፋት ሳይሆን ክብደቷ ነው አለ። ነርሷ ለልጅቷ በኩባያ ውሃ ሰጠቻት። ልጄ ኩባያውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

«ማሚ፣ ውሃ ይፈቀድልኛል?»