ነገ እጠራቸዋለሁ

አርባ ምንጭ አጠገብ ባለችው መንደራችን በላንቴ ቄስ ከታመመ ሰው ቤት ሲገቡ ከታዩ፣ ጎረቤቱ በሆዱ የዕድሩን ድንኳን መትከል ይጀምራል። አባቴ የንስሐ አባታችንን ጥሪልኝ ሲለኝም መጀመሪያ የታየኝ ያ ድንኳን ነበር። ስለዚህ «ነገ እጠራቸዋለሁ» አልኩት። በማግስቱም እንደዚያው አልኩት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ነገ እያልኩ ከረምኩና በዐሥረኛው ቀን ድንኳኑ ደጃችን ላይ ተተከለ።

ሰዎች ሲጠይቁኝ ተስፋ እንዳይቆርጥብኝ ብዬ ነው እላለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ መናገር አሳፍሮኝ ቆይቷል፤ አርባ ምንጭ ውስጥ በየእሑዱ ለሰንበት ተማሪዎች ስለ ንስሐ የማስተምረው እኔው ነበርኩና።

አባቴ ከደጋው አገር ከኦቾሎ ወርዶ ላንቴ ላይ ሙዝ የተከለ ገበሬ ነበር። ቀጥሎ ያለው ማሳ አብረውት የወረዱት ያገሩ ሰው፣ የጎረቤታችን ነበር። ሁለቱ በጋሞኛ ሲቀላለዱ ሳቃቸው እቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ማሳዎቹ የሚጠጡት ከአንድ ቦይ ነው፤ ውሃውም በተራ ነው። በበጋ ተራው ያመለጠው ሰው ሰማይ ሰማይ እያየ ይከርማል።

የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ውሃው በቀጠነበት በአንድ በጋ፣ ጎረቤታችን ተራቸው ሊደርስ ሲል ዘመድ ሞተባቸውና ወደ ኦቾሎ ወጡ። ሲሄዱ «ውሃዬን አደራ» ያሉት አባቴን ነበር። የተራቸው ቀን ጠዋት አባቴ ቦዩ ዳር ቆሞ መንገዱን አየ፤ ከዚያ ውሃውን ወደ እኛ በኩል እንድከፍተው ነገረኝ። ጭቃውን በዶማ ገፋሁት። ውሃው በእግሬ መሃል ሲሮጥ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እስካሁን የሚያናድደኝ ያ ደስታ ነው። ጎረቤታችን ሲመለሱ አባቴ ውሃው ከላይ ተቋርጦ ነበር አላቸው። እኔም አጠገቡ ቆሜ ራሴን ነቀነቅኩ።

አዲስ የተከሉት ችግኝ ደረቀ። በዚያው ዓመት ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ልጃቸው ትምህርቷን አቋርጣ አርባ ምንጭ ሰው ቤት ተቀጠረች። እኔ ተማርኩ፤ ዛሬ በዚያው ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። አባቴና እኔ ስለዚያ ጠዋት አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። ከጎረቤታችን ጋር የነበረው ሳቅ ግን ቀስ በቀስ ጠፋ።

አባቴ አልጋ ሲይዝ ፈቃድ ወስጄ ላስታምመው ሄድኩ። ጎረቤታችን ከሰዓት በኋላ ሳይመጡ የቀሩበት ቀን አልነበረም። ማንጎ ወይም የበሰለ ሙዝ ይዘው ይመጡና አልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ። አባቴ ያመጡትን አይቀምስም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ንስሐ ቢገባ ቄሱ ምን እንደሚሉት አውቅ ነበር፤ ለልጆቹ የማስተምረውም ይህንኑ ነው። መጀመሪያ የበደልከውን ሰው ይቅርታ ጠይቅ ይሉታል። ከዚያ ጎረቤታችን ያውቃሉ፣ ልጃቸው ታውቃለች፣ ዶማውን ማን እንደያዘም ይወራል። ሌላው ግማሽ ይህ ነው። የአባቴን ነፍስ ከስሜ ጋር መዘንኩና ስሜ በለጠብኝ።

ስለዚህ ጎረቤታችን ሲመጡ ከክፍሉ አልወጣም ነበር። በሰባተኛው ቀን አባቴ ፊቱን ከግድግዳው መለሰና የምነግርህ ነገር አለ ብሎ በጋሞኛ ጀመረላቸው። ብድግ ብዬ የውሃውን ኩባያ አፉ ላይ ደቀንኩበት። እንዳይደክም ነው አልኩ። ጎረቤታችን ቀና ብለው አዩኝ። አባቴ ውሃውን ዋጠ፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞላ። እሳቸው ከወጡ በኋላ በዚያ በደከመ ድምፁ ጠየቀኝ።

«ያ ነገ ያልሽው ቀን መቼ ነው?»

ትራሱን አስተካከልኩለት።

የአርባው ዕለት ሰዉ ቀምሶ ሲበተን ጎረቤታችን ደጃችን ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ቀሩ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከምን እንደምጀምር ሳስብ እሳቸው ቀደሙኝ።

«የውሃውን ነገር አውቅ ነበር» አሉ። «ስመለስ የእናንተ መሬት ርሶ ነበር። ገበሬ እኮ ነኝ።»

መጀመሪያ በጣም ተቆጥተው እንደነበር፣ ከዓመታት በኋላ ግን ቁጣው ወጥቶላቸው በልባቸው ይቅር እንዳሉት ነገሩኝ። ያልጠየቀን ሰው ይቅር ብዬሃለሁ ማለት መልሶ መክሰስ ይሆናል ብለው ዝም አሉ። አባቴ ሲታመም ግን የሚነጋገሩበት ጊዜ እንደደረሰ ገባቸው።

«በየቀኑ የመጣሁት እንዲነግረኝ ነበር፤ ቀሎት እንዲሄድ። አንቺ አልወጣ አልሽ እንጂ።»

መሬት ላይ ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዶማውን፣ ራሴን መነቅነቄን፣ ቄሱን አለመጥራቴን። ዶማውን የያዝኩት እኔ መሆኔን አያውቁም ነበር። እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ።

«በእኔ በኩል ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። «በልጄ ስም ግን ይቅር ማለት አልችልም። እሷን ራስሽ ጠይቂያት።»

ልጃቸው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች። ከቢሮዬ የዐሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አንድ ጊዜ ከሩቅ አይቻት ተመለስኩ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ አጠገቧ ደርሼ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ገዛሁ። ከተያየን ብዙ ዓመት ሆኖን ነበርና አላወቀችኝም። መርቃ ሸኘችኝ።

ልጆቹን ማስተማር ትቻለሁ። ይህ ሁሉ ከሆነ ስምንት ወር አልፎታል። ለንስሐ አባታችን ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ፤ ባገኙኝ ቁጥር ሄደሽ ይቅርታ ጠየቅሻት ወይ ይሉኛል። ነገ እላቸዋለሁ።