ድንጋይ ተሸክሞ የሄደው ተከላካይ

ዓርብ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፤ ባሕር ዳር

"ወረታ፣ ደብረ ታቦር! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!" ይላል ተጣሪው። ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው እኔና ዶሮ ያቀፉ አንዲት እናት ብቻ ነን። ሰውየው አንድ ሰው የሚለው ከምን ቆጥሮ እንደሆነ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

የስፖርት ጸሐፊ ነኝ፤ ጉዞ አልወድም። ወገቤን ያመኛል፤ የሾፌር ሙዚቃም ያናድደኛል። የዛሬው ግን እምቢ የማይባል ሆነብኝ። ማንደፍሮ ደወለልኝ። "እሑድ በአገሬ የስንብት ጨዋታ አለኝ። አንተ ግን ዓርብ ድረስልኝ። ከጨዋታው በፊት የምሄድበት ቦታ አለ፤ ብቻዬን ፈራሁ" አለኝ።

ማንደፍሮ ፈራ! አሥራ አራት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በመሀል ተከላካይነት የተጫወተ፣ ዘጠኙን ዓመት ካፒቴን የነበረ፣ ስንቱን አጥቂ እንቅልፍ የነሣ ሰው ነው። ይህንን ሳላይማ አልቀርም ብዬ ተነሣሁ።

ፀሐይ ስትወጣ ሐሙሲትን አለፍን። ከዚያ የፎገራ ሜዳ ነው፤ ግራና ቀኝ ሩዝ፣ ውሃ፣ ከብት። ወረታ ላይ የጎንደርን መንገድ ትተን ወደ ቀኝ ታጠፍንና ዳገቱን ተያያዝነው። መስኮቱን የከፈተ ሁሉ እየዘጋ መጣ። ዶሮዋ እንኳ አንገቷን ነጠላ ውስጥ ቀበረች።

ዓርብ፣ ረፋድ፤ ደብረ ታቦር

መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ያው ነው፤ በር የሚያህል ሰው። ምግብ ቤት እስክንደርስ ድረስ ያለፈ ባጃጅ ሁሉ ጡሩምባውን ይነፋለታል። "ካፒቴን! እሑድ እንገናኝ!" እሱም እጁን ያነሣል፤ ፊቱ ግን አይስቅም።

የጾም ሽሯችን እየተንተከተከ ቀረበ። ነገሩን እንዲያወጣው ብዬ በቀልድ ጀመርሁ።

"በአሥራ አራት ዓመት ስንት ግብ አገባህ?"

"ሁለት።"

"ጥሩ ነው እኮ ለተከላካይ።"

"አንዷ በራሴ ላይ ናት" አለና ፈገግ አለ። "እሷ ግን በጭንቅላት ነበረች፤ በረኛችን ራሱ አጨብጭቧል።"

ቀጥሎም የሙያውን ምሥጢር ነገረኝ። አጥቂ ዘጠኝ ስቶ አንድ ካገባ በትከሻ ይሸከሙታል፤ ተከላካይ ዘጠኝ አድኖ አንድ ከሳተ እናቱን ይሰድቧታል። "እናቴ ደግሞ ስድብ ትችላለች" አለ።

ሽሮው ሲያልቅ እውነተኛው ነገር ወጣ። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በአንድ ጨዋታ ላይ፣ ስጦታው የሚባል የእብናት ልጅ ለተጋጣሚው ቡድን አጥቂ ሆኖ ይጫወት ነበር። ማንደፍሮ ተንሸራቶ ገባበት፤ የስጦታው ቅልጥም ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ስጦታው ኳስ አልተጫወተም። አሁን እብናት ውስጥ እህል ይነግዳል፤ እያነከሰ።

"እሱ ሳይታረቀኝ እሑድ ያንን ሜዳ አልረግጥም" አለኝ። "የአንድ አገር ልጆች ነን። ሕዝቡ ለእኔ ሲያጨበጭብ እሱ ሚዛን ሥር ተቀምጦ ሊሰማ?"

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ጉና ግርጌ

ከጁምዓ ስግደት በኋላ ሐጂ ይማምን ይዘን ወጣን። ሐጂ በደብረ ታቦር ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ማንደፍሮ የከተማውን ቡድን ሲቀላቀል ቡድኑን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። በተከራየነው ፒካፕ ክምር ድንጋይ ከተማ ደርሰን፣ ከዚያ በእግር ሽቅብ ወደ ማንደፍሮ መንደር። ገብስ፣ ድንች፣ በግ፣ ነፋስ። ነፋሱ ካፖርት ለብሶ የመጣን ሰው አይለይም። ሐጂ በሰባ ዓመታቸው ቀደሙኝ።

የማንደፍሮን የነፍስ አባት፣ ቄስ አዱኛን፣ ድንች ሲያወጡ አገኘናቸው። መስቀል ተሳለምን። ማንደፍሮ አጎንብሶ ታሪኩን ይደረድር ጀመር።

"አባ፣ ያላደረግሁት የለም። ሦስት ጊዜ ደወልሁለት፤ አላነሣም። ስሜን ፈርሜ ማልያ ላክሁለት፤ መለሰው።"

ቄሱ ቀና አሉ። "ደግ አደረገ! ሰው እግሩ ተሰብሮ ልብስ ይላክለታል? በስልክ ይቅርታስ የት አገር አየህ? ሽማግሌ ሳትልክ፣ ድንጋይ ሳትሸከም፣ ደጁን ሳትረግጥ! አዲስ አበባ ያስረሳህ ይህንን ነው?"

ማንደፍሮ እንደ ተማሪ ቆሞ ሰማ። እኔ በሆዴ፣ ይህንን ሰው ዳኛ ሲቆጣው እንዲህ ቢሰማ ኖሮ ስንት ቢጫ ካርድ ይቀርለት ነበር አልሁ።

ነገሩ ተቆረጠ። ነገ ቄሱና ሐጂ ሽማግሌ ሆነው ይሄዳሉ፤ ማንደፍሮ ደግሞ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ከደጅ ይቆማል። "አንዲት ቃል አትናገርም" አሉት ሐጂ። "የሚናገር ሽማግሌ ነው።"

ወዲያው ሄዶ ከእናቱ ግቢ ጥግ ድንጋይ አንሥቶ መጣ። የወፍጮ ድንጋይ ያህላል።

"ልትታረቅ ነው ወይስ ቤት ልትሠራ?" አሉት ቄሱ።

"ጥፋቴ ትልቅ ነው፣ አባ።"

"እብናትስ ድንጋይ የለም ያለህ ማን ነው?"

አልሰማም። የአገሬ ድንጋይ ይሁን ብሎ ተሸክሞት ወረደ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት፤ የእብናት መንገድ

መንገዱ ኮረኮንች ነው። ድንጋዩ ከኋላ ተጭኗል፤ ጉድጓድ በገባን ቁጥር ዷ ይላል። ሾፌሩ እየተንገሸገሸ ነው።

"ካፒቴን፣ ይኼ ድንጋይ ሞተሩን ሳይጨርሰው አውርደን ሌላ ብናነሣስ?"

"ንዳ" አለ ማንደፍሮ።

ቁልቁል በወረድን መጠን ብርዱ እየለቀቀን፣ ካፖርቶች አንድ በአንድ እየወለቁ ሄዱ። ሐጂና ቄሱ ከፊት ተጣበው ስለ ጤፍ ዋጋ ይከራከራሉ። ማንደፍሮ ጣቶቹን ያፍተለትላል። እውነቱን ለመናገር አሳዘነኝ።

ቅዳሜ፣ ረፋድ 5 ሰዓት፤ እብናት

የስጦታው መጋዘን ከቤቱ ጋር አንድ ግቢ ነው። ሽማግሌዎቹን ሲያይ ከጆንያዎቹ መሀል ተነሥቶ እያነከሰ መጣ።

"ግቡ አባ፣ ግቡ ሐጂ! ምን እግር ጣላችሁ? ተቀመጡ እንጂ!"

"አንቀመጥም" አሉ ቄሱ። "ቆመን የምንናገረው አለን።"

ያን ጊዜ ከበሩ ውጭ ያለውን አየ። ማንደፍሮ አጎንብሶ ቆሟል፤ ድንጋዩ አንገቱ ላይ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ። የስጦታው ፊት ጠቆረ። እህል ሊገዙ የመጡ ሁለት ሴቶች ቁናቸውን እንደያዙ ቀሩ።

"ልጃችን አጥፍቷል" ጀመሩ ቄሱ። "እግርህን ሰብሯል፤ ከምትወደው ጨዋታ ለይቶሃል። አልሸሸም፤ ይኸው ደጅህ ቆሟል። ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ እኛም ሽበት ስትል..."

"ሆን ብዬ ግን አይደለም!" አለ ማንደፍሮ ከውጭ። "ኳሷን ነበር የ..."

"ዝም!" አሉ ሐጂ።

ሁሉ ነገር የተበላሸ መሰለኝ። ስጦታው ሳቀ፤ የሚያስደስት ሳቅ አልነበረም።

"ይኸውላችሁ! ያኔም እንዲህ ነው ያደረገኝ። አጥንት ይሰበራል፣ ይጠገናል፤ ኳስ ነው። እኔ ሣሩ ላይ ተጋድሜ እሱ ወደ ዳኛው ሮጠ። ኳሷን ነው የነካሁ እያለ ይከራከራል። ተሸክመው እስኪያወጡኝ አንዴ እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም። ለአጥንቴ አይደለም የተቀየምሁት፤ ለዚህ ነው።"

ማንደፍሮ ድንጋዩን እንደተሸከመ ዝግ ባለ ድምፅ፣ "እውነት ነው። አላየሁህም" አለ። "በቀይ እንዳልወጣ ፈርቼ ነበር። ካፒቴን ነኝ ብዬ ለራሴ ቆምሁ።"

እንዳይናገር ተከልክሏል፤ አሁን ግን ማንም ዝም በል አላለውም። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ስጦታው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። "ስለ እናንተ ስል ይቅር ብያለሁ" አለ። "ካሳ ግን አለኝ።"

"ንገረን" አሉ ሐጂ።

"እሑድ እመጣለሁ። እሱ ዘጠኝ ቁጥር ለብሶ አጥቂ ይሆናል፤ እኔ ተከላካይ ሆኜ እይዘዋለሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ ትበቃኛለች። ከራራልኝ ግን ዕርቁ ፈርሷል! ላለመራራቱ ዋስ ይጥራ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ስጦታው ወደ እኔ ዞረ፤ ጋዜጣ ላይ ካለው ፎቶዬ ሳያውቀኝ አልቀረም። "ያኔ 'ጠንካራ ግን ንጹሕ' ብለህ የጻፍኸው አንተ ነህ አይደል?"

ምን ልበል? ነኝ አልሁ። ይባስ ብሎ ያን ቀን ስታዲየም አልነበርሁም፤ ቤቴ ሆኜ ሬዲዮ ሰምቼ ነበር የጻፍሁት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ እዚያው ተናገርሁት።

"እንግዲያው ዋሱ አንተ ነህ" አለኝ።

በዚህ ዓለም ላለመራራት ዋስ የሆነ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እንጃ። ቄሱ ግን በቁም ነገር አስማሉኝ። ከዚያ ድንጋዩ ወረደ፤ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ማንደፍሮ አንገቱን ማቅናት አቅቶት እስከ ማታ ወደ ጎን ሲያይ ዋለ።

እሑድ፣ 8 ሰዓት፤ ደብረ ታቦር

ቅዳሴ ያስቀደሰ ሁሉ በዚያው ወደ ሜዳው ወርዷል። ስጦታው ብቻውን አልመጣም፤ አንድ አይሱዙ ሙሉ የእብናት ሰው ጭኖ እንጂ። ማንደፍሮ የለበሰው ዘጠኝ ቁጥር ማልያ ጠብቦት ሆዱ ላይ ተሰብስቧል። ሕዝቡ በሳቅ ሞተ።

መጀመሪያ የመጣችለትን ኳስ ይዞ ወደ ስጦታው ሲደርስ ቀዘቀዘ። ቆም ብሎ ለጎን ሰው ሰጠ። ሐጂ ከአጠገቤ በክርናቸው ጎሸሙኝ። "ዋስ! ሥራህን ሥራ እንጂ!"

ተነሥቼ "ማንደፍሮ! ራራህ! እኔ ነኝ የምጠየቀው!" ብዬ ጮህሁ። እንኳን ሌላው፣ የመስመር ዳኛውም ሳቀ።

ሁለተኛዋን ግን የምሩን ሮጠ። ያ ሁሉ ሥጋ ቁልቁል ሲመጣ እኔ በስጦታው ፈንታ ፈራሁ። ስጦታው መሮጥ አይችልም፤ ኳሷ የምትሄድበትን ግን ቀድሞ አውቆ ቆሟል። ተንሸራተተ። ኳሷን በንጽሕና ነጠቀ፤ ማንደፍሮ በላዩ ተሻግሮ በሆዱ ተዘረጋ።

ማንደፍሮ አፈር እንደበላ ወደ ስጦታው ዳኸ። "ደህና ነህ?"

"አንተ ነህ እኮ የወደቅኸው!" አለው ስጦታው።

ጩኸቱ ጉና ሳይሰማ አልቀረም። ቄስ አዱኛ ያጨበጭቡ ነበር፤ አላጨበጨብሁም ብለዋል፤ እኔ ግን አይቻለሁ።

አሥራ አምስት ደቂቃው ሞላ፤ ቅያሪው መስመር ላይ ቆመ። ስጦታው ያላየ መሰለ። ጠሩት፤ ያልሰማ መሰለ። ዳኛው ሊያወጣው ሲመጣ ማንደፍሮ ከፊቱ ቆሞ "ተወው" አለ፤ ዳኛውም ተወው። እስከ መጨረሻው ፊሽካ ተጫወተ። ማንደፍሮ የስንብት ጨዋታው ላይ አንዲት ግብ አላገባም፤ አንዱ ግቡ አጠገብ አላስደርስ ብሎት።

ሕዝቡ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው ስጦታው ሣሩ ላይ ተቀምጦ ያኔ የተሰበረች እግሩን ያሻል። ማንደፍሮ ሰውን እየገፋ መጣ፤ ደንግጧል። አጠገቡ ተንበረከከ።

"አመመህ? ንገረኝ፣ አመመህ?"

ስጦታው ቀና ብሎ አየው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ጥርሱ ግን ይስቃል።

"አላመመኝም፤ ደክሞኝ ነው" አለ። "የኳስ ድካም። እንዴት እንደሚጥም ረስቼው ነበር።"