ላስቲክ የምትበይደው የሻረግ

ቦንጋ ውስጥ "ኢንጂነር" ለመባል ቢጫ ቆብ አድርጎ፣ ሜትር ቀበቶ ላይ ሰክቶ፣ ሰው ሲያናግር ወደ ሌላ ቦታ ማየት ይበቃል። ሔኖክ ይህን አሳምሮ ያውቅበታል። ስለ የሻረግ ልናገር ተነስቼ በእሱ መጀመሬ ያናድደኛል፤ ግን እሱን ሳላነሳ የእሷ ነገር አይገባም።

የሻረግ እዚሁ ቦንጋ አጠገብ ያለችው የደካ ልጅ ናት፤ አሁን አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ ሲሞት ጅማ ሄዳ አንድ ፋብሪካ ሲሠራ አሸዋና ጠጠር ታቀብል ነበር። የፋብሪካው ጣሪያ ቆርቆሮ አልነበረም፤ ሜምብሬን የሚባል፣ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የሚመጣ፣ ነጭ፣ ወፍራም ላስቲክ የሚመስል ነገር ነው። የአንዱን ጥቅል ጫፍ በሌላው ላይ ደርበው፣ ሙቅ አየር በሚተፋ ማሽን አቅልጠው አንድ ያደርጉታል። የሥራው አለቆች እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ሲፈልጉ ወንዶቹን በየተራ ሞክረው እሷ ጋ ደረሱ። አራት ዓመት ስትበይድ ኖረች።

እናቷ ስትታመም ተመለሰች። ቦንጋ ላይ ግን ጣሪያ ማለት ቆርቆሮ ነው። "ላስቲክ እበይዳለሁ" ስትል የሻይ ቤት መሳቂያ ሆነች። "የሻረግ፣ ባልዲዬ ተሰንጥቋል!" እያሉ ከባጃጅ ውስጥ የሚጮሁባት ነበሩ። አየት አድርጋቸው ታልፋለች፤ ያ አስተያየቷ ከስድብ ይከፋል። ሥራ ስታጣ የእትዬ ሙሚና ሕንፃ ላይ በቀን ሠራተኝነት ገባች። እኔ ሰብሃት እባላለሁ፤ እዚያው ሕንፃ ላይ ኤሌክትሪክ እዘረጋ ነበር።

እትዬ ሙሚና ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ባለ ሦስት ፎቅ ሲያሠሩ፣ የግንባታው ኃላፊ ሔኖክ "ዘመናዊ እንሁን" ብሎ ጠፍጣፋ ጣሪያ አስመረጣቸው። ሰማዩ ዓመቱን ሙሉ ማልቀስ በማይሰለቸው አገር! እሱም አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ፣ ሰርተፍኬቱን ላሚኔት አስደርጎ፣ ነጩን ጥቅል በአይሱዙ አስጭኖ መጣ።

ዕቃው ጥሩ ዕቃ ነበር። ይህን መናገር አለብኝ፤ በኋላ ሁሉም በዕቃው አመካኝቷልና። ሔኖክ ግን የማታው ዝናብ ያልደረቀበት የኮንክሪት ሶሌታ ላይ ዘረጋው። አቧራውን በጫማው ጠረገ። ማሽኑን አንዴ አስተካክሎ፣ በጭጋጉም በፀሐዩም በዚያው ሙቀት ሠራ። የሻረግ የተሸከመችውን አሸዋ አስቀመጠች፤ ከቦርሳዬ ካቻቢቴ አንስታ ጫፉን በመገጣጠሚያው ላይ ስታሳልፈው፣ የተበየደ የተባለው እንደ ሙዝ ልጣጭ ተላቀቀ።

"ኢንጂነር፣ ይሄ አልተያያዘም" አለችው። "ላይ ላዩን ብቻ ነው የሞቀው። ሥሩም እርጥብ ነው።"

ሔኖክ ዞር እንኳ አላለም። "አንቺ አሸዋሽን አቀብይ። ይሄ ኬሚስትሪ ነው።"

ወንዶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እስከ ዛሬ ራሴን የምንቅበት ሳቅ ነው።

በሳምንቱ እሷን ከሥራ አሰናበታት፤ ምክንያቱን "ሥነ ሥርዓት የላትም" አለ።

ሰኔ ገባ። ሦስተኛውን ፎቅ የተከራየው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ገና አንድ ወር አልሞላውም። ጠዋት ስንገባ ውሃው በአምፖሎቹ በኩል ይንቆረቆራል፤ ኮምፒውተሮቹ የማዳበሪያ ጆንያ ለብሰዋል። ጣሪያው ላይ ስንወጣ ነጩ ምንጣፍ ከሥሩ ውሃ ይዞ እዚህም እዚያም አብጧል፤ ሲረግጡት ይንቦጨቦጫል።

ሔኖክ መጀመሪያ በእኔ ላከከ። "ሰብሃት፣ ውሃ ያስገባው ያንተ የሽቦ ቧንቧ ነው!" አለ። ቧንቧውን ከፍቼ ደረቅ መሆኑን ሳሳየው፣ "እንግዲያው ዕቃው ተመሳስሎ የተሠራ ነው" አለ። ዕቃው ደህና መሆኑ ሲነገረው ደግሞ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ "የቦንጋ ዝናብ ከስታንዳርድ በላይ ነው" አለ። ዝናቡ ማመልከቻ ሳያስገባ የዘነበ ይመስል።

መፍትሔው ደግሞ ከጥፋቱ ባሰ። በርሜል ሙሉ ሬንጅ አፍልቶ ሜምብሬኑ ላይ ሊያስቀባ ተነሳ። የሻረግ ይህን ስትሰማ፣ ማንም ሳይጠራት ጣሪያው ድረስ ወጣች።

"ሬንጅና ይሄ ነገር አይስማሙም" አለች። "ልስላሴውን ይመጥበታል። ይደርቅና ይሰነጠቃል።"

"ሬንጅ የማይደፍነው ቀዳዳ የለም" አለ ሔኖክ፤ ለሠራተኞቹም፣ "ቀቡ!" አላቸው።

ቀቡ። ጥቂት ሳምንት ማፍሰሱ ቆመና ሔኖክ በከተማው ውስጥ ደረቱን ነፍቶ ዞረ። ታኅሣሥ ላይ ነጩ ጣሪያ ቡኒ ሆኖ፣ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቆ፣ ጠርዙ በእጅ ሲነኩት የሚቆራረስ ሆነ። አሠልጣኞቹም ኮምፒውተራቸውን በሚኒባስ ጭነው ሌላ ቤት ገቡ።

እትዬ ሙሚና ጉልበታቸውን እያመማቸው ጣሪያው ላይ ወጡ። ቁራሹን አንስተው በጣታቸው ፈረፈሩት።

"ያቺ አሸዋ ስታቀብል የነበረችው ሴት ምን ነበር ያለችው?" ሲሉ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። "ታዲያ አንተ አፍ አልነበረህም?" አሉኝ።

የሻረግን አስጠሯት። መጥታ ጣሪያውን ዞረችው።

"ይጠገናል?" አሉ እትዬ ሙሚና።

"አይጠገንም። ሁሉም ተልጦ ይጣላል፤ ሬንጁም ይፋቃል። ውሃው ወደ አሸንዳው እንዲወርድ ሲሚንቶ በተዳፋት ይፈሳል። ከዚያ አዲስ ሜምብሬን።"

"ሌላስ?"

"እስክጨርስ ድረስ 'በቃ፣ ይሁን' የሚል ሰው ጣሪያው ላይ አይወጣም።"

እትዬ ሙሚና ሳቁ። "እኔም ልል እችላለሁ።"

"እርስዎም አይወጡም" አለቻቸው።

በጥር ጀመረች። ሬንጁ ከተፋቀ በኋላ ሶሌታው እስኪደርቅ ብዙ ቀን ፀሐይ አስመታችው። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሥራ ሳትጀምር፣ ሁለት ቁራሽ በይዳ በሁለት እጇ ትጎትታለች፤ ብየዳው ከለቀቀ ማሽኑን ታስተካክላለች፤ ቁራሹ ራሱ ተቀዶ ብየዳው ከቀረ ሥራ ትጀምራለች። ስትበይድ በግራ እጇ በትንሽ የጎማ መዳመጫ እየዳመጠች ትከተላለች። ደመና ሲመጣ ማሽኑን ታጠፋለች። እትዬ ሙሚና ከታች ሆነው "ኧረ አንቺ ልጅ፣ ካፊያ ነው!" ይላሉ፤ የሻረግ ሻርፗን አጥብቃ ትቀመጣለች እንጂ አትነሳም።

ሲያልቅ የውሃ መውረጃዎቹን ደፍና ጣሪያውን አራት ጣት ያህል ውሃ ሞላችው። "ሁለት ቀን እንዲህ ይቆያል" አለች። ወሬው ተሰማና ሰው ተሰበሰበ። ሔኖክም ሕንፃው ሥር ቆሞ፣ "ሶሌታው ይደረመሳል፣ ራቁ" እያለ ሕዝብ ያስጠነቅቅ ነበር። እትዬ ሙሚና ግን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወንበር አስመጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ኮርኒሱ አቅንተው፣ ሁለቱንም ቀን እዚያው ዋሉ።

አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

በሁለተኛው ቀን የሻረግ መሰላል ላይ ወጥታ ኮርኒሱን በመዳፏ ዳሰሰች። መዳፏን ገልብጣ አየችው፤ ደረቅ ነው። ፊቷ ሲፈታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አጠገቧ ሆኜ፣ "ያን ቀን እኔም ስቄ ነበር፤ ይቅርታ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ከሁሉም ጮክ ብለህ የሳቅከው አንተ ነህ።" ቀጥላ ግን፣ "ኤሌክትሪክ ታውቃለህ አይደል? ማሽኔ ኃይል ሲዋዥቅ ያስቸግረኛል" አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አብሬያት እሠራለሁ፤ ጄኔሬተሩ የእኔ ኃላፊነት ነው።

ሔኖክ አላፈረም። እንዲህ ያለ ሰው ማፈሪያው አልተሠራለትም። የጣሪያውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ "ሥራችን" ብሎ ጻፈበት። ዘንድሮ ደግሞ በከተማው ግንበኞች "የልምድ ልውውጥ" ስብሰባ ላይ ቆቡን አድርጎ ስለ ጣሪያው በፕሮጀክተር አስረዳ። የሻረግን "ሞዴል ሴት" ብለው ፊት ወንበር አስቀምጠዋት ነበር።

"እቺ እህታችን" አለ ሔኖክ በእጁ እያመለከታት፣ "እኔ ያሠለጠንኳት ናት።"

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ልነሳ ስል እጄን ያዘችኝና እሷ ተነሳች። ሰብሳቢው ማይክሮፎኑን ዘርግቶ፣ "እባክዎ አንድ ነገር ይበሉ" አላት። የሻረግ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች፤ ጭጋጉ ገለጥ ብሏል።

"ማንኪራ መንደር የማር መጋዘን ጣሪያ ጀምሬያለሁ" አለች። "ፀሐይ ሳለ ልሂድ። እሱ ይቀጥል።"

ተከትያት ወጣሁ። ያን ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሰባት መገጣጠሚያ በየድን፤ ስምንተኛውን ልንጀምር ስንል ደመናው መጣና ማሽኑን አጠፋችው።