የአክስቴ የቆጮ ጉድጓድ

ወልቂጤ አንድ ክትፎ ቤት ቆጮው በኮባ ተሸፍኖ ሲቀርብልኝ፣ ኮምጣጣ ሽታው አክስቴን አስታወሰኝ። ባሏ ከሞተ በኋላ ቸሃ ውስጥ ለብቻዋ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

አንድ ዓመት እንሰታችንን በሽታ አደረቀውና ቆጮ የምንቀብርበት ጉድጓድ ባዶውን ቀረ። አክስቴ ግን በየሳምንቱ አሮጌውን ኮባ እያነሳች ትኩስ ታለብሰዋለች፤ ድንጋዩንም መልሳ ትጭንበታለች። የሚያልፍ ጎረቤት ሙሉ ይመስለዋል።

በዚያው ሰሞን የቀበሌው ኮሚቴ የሴፍቲኔት የእርዳታ ስንዴ የሚገባውን ድሃ ሊለይ መጣ። መለያው በዓይን የሚታይ ነገር ነበር፦ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ላም፣ የቆጮ ጉድጓድ። ሰብሳቢው ጓሯችንን ዞሮ አየና፣ “እርስዎማ ሞልቶልዎታል፣ እትዬ። ስንዴው ለሌለው ነው” አላት።

ልናገር ስል እጄን ጨምቃ ያዘችኝ።

“እውነት ነው፣ ለሌለው ስጡ” አለች።

ሲሄዱ ለእራት የምትሆነንን ጎመን ልትቀነጥስ ጎንበስ አለች። ለምን እንደዋሸች ጠየቅኳት።

“ስንዴው ያልቃል” አለችኝ ቀና ሳትል። “ድሃ የሚለው ስም ግን ላንቺም ይተርፋል።”

አስተናጋጇ መጥታ፣ “ቆጮ ይጨመር?” አለችኝ። ሳህኑ ባዶ ነበር። ኮባውን መልሼ አለበስኩትና፣ “አለኝ” አልኳት።